ሻይ የነካው ነጠላ

ሪሐና የሻይ ቅጠሏን አፍልታ አትጥልም። ከሱዳን ድንበር ቅርብ በሆነችው ኮኪት፣ መኪና መቆሚያው ዳር፣ ከሸራዋ ሥር ተቀምጣ ለሹፌሮችና ለቀን ሠራተኞች ስትቀዳ ትውልና ዝቃጩን በቆርቆሮ ታጠራቅመዋለች። ጦርነቱን ሸሽታ ከሱዳን ከተሻገረች ወዲህ የምትጥለው ነገር የለም። ፋናዬ ኀሙስ ጧት ባልዲ ይዛ መጥታ ዝቃጩን ስትለምናት ግን ሳቀች።

«ሻይ ቤት ልትከፍቺብኝ ነው፣ ያ ፋናዬ?» አለች ዐረብኛዋን እየቀላቀለች።

«ነጠላ ላቀልምበት ነው።»

«የቱን ነጠላ?»

«ስንት አለኝና?»

ሪሐና ሳቋን ተወች። ያንን አንዱን ነጠላ ታውቀዋለች። ሰሊጡ በሰጠበት ዓመት ባሏ ደረበ ከጎንደር ያመጣላት ነው፤ ጥለቱ አረንጓዴ። ፋናዬ ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለገበያ አትለብሰውም።

ደረበ ትራክተር ነጂ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ አንድ የሱዳን ባለ እርሻ ጥሩ እከፍልሃለሁ ብሎ ጠራውና በገላባት በኩል ተሻገረ። ለመስቀል እመጣለሁ ብሎ ነበር። መስቀልም ሁለት ጊዜ አለፈ። ፋናዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በስልኩ ትደውላለች፤ ስልኩ አይጠራም። ባለፈው ሳምንት አዱኛ የሚባል የጎጃም ሰው ከዚያው ከእርሻው አገር ተመልሶ፣ ትራክተር ነጂው ሐበሻ በከባድ መሣሪያ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል ብሎ አወራ። አየሁ አላለም። ሰማሁ ነው ያለው።

ወሬው ጭልጋ ደረሰና የደረበ ታላቅ እህት እትዬ እመቤት በማግሥቱ መጡ። ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ከዘንቢላቸው ጥቁር ነጠላ አውጥተው አልጋው ላይ አስቀመጡ።

«እሑድ እርሙን እናወጣለን» አሉ። «ቄሱንም ነግሬያለሁ።»

«አስከሬኑን ያየ ሰው አለ እትዬ?»

«የሁለት ዓመት ዝምታስ ምን ያንሳል?»

ፋናዬ ጥቁሩን ነጠላ ከአልጋው አነሣች።

«እናቴ አልጋ ላይ ናት» አሉ እትዬ እመቤት። «አንድ ወንድ ልጇን ሳታለቅስ ትሙት? ልናለቅስ ብንልም ሚስቲቱ ነጭ ለብሳ ውኃ እየቀዳች ማን ደፍሮ ድንኳን ይጥላል? ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። ሌላ አይታ ነው ይላል። እኔ እንዲህ አልልሽም፤ የሚሉትን ነው የምነግርሽ።»

«ይኼን ይያዙት» አለች ፋናዬ ጥቁሩን ነጠላ መልሳ እየሰጠቻቸው። «የራሴን አቀልማለሁ።»

እትዬ እመቤት ትንሽ አሰቡ። ድሮ ደጋ ላይ እናቶቻቸው ከሉን፣ የሐዘኑን ጥቁር ልብስ፣ በገዛ እጃቸው ጭቃ ውስጥ ነክረው ነበር የሚለብሱት፤ የሚነቀፍ ነገር አላገኙበትም።

«ይሁን። ዋናው ከል መልበስሽ ነው» ብለው ሽንፋ ላሉት ዘመዶች ለመንገር ሄዱ። ቅዳሜ እመለሳለሁ አሉ።

ፋናዬ ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ አደረች። ጥቁር ብትለብስ ባሏን በአፍ ወሬ ቀበረችው። ነጭ ብትለብስ አሮጊቷን አማቷን ልጃቸውን ሳያለቅሱ ሸኘቻቸው። ሻይ ትዝ ያላት ጎህ ሲቀድ ነው። ሻይ የነካው ነጭ ጨርቅ ከሩቅ ላየው ሐዘን ይመስላል፤ ቀርቦ ላየው ያደፈ ነጭ ነው።

ይህን ሁሉ ለሪሐና አልነገረቻትም። ሪሐና ግን ወሬውን ሰምታ ኖሮ ቆርቆሮውን ባልዲው ውስጥ እየገለበጠች፣ «በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ነጭ ነው የምትለብሰው» አለች። «አራት ወር ከዐሥር ቀን። እኔም ለብሼዋለሁ።»

«እኔ ባሌ አልሞተብኝም።»

«ወላሂ እኔ ሞተ አላልኩም።» ሪሐና ከዕቃዋ መሃል በፌስታል የተቋጠረ ጨው አወጣች። «ይኼን ጨምሪበት። ሻይ ያለ ጨው አይይዝም፤ ሁለቴ ስታጥቢው ይለቃል።»

«ይልቀቃ» አለች ፋናዬ። ጨውን ሳትወስድ ሄደች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዝቃጩን አፍልታ አጠለለችው። ድስቱ ለነጠላው አነሰ፤ ጨርቁ ሲታጠፍ ይዥጎረጎራል ብላ ፈራች። ጓሮው ውስጥ ደረበ የናፍጣ በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ የትራክተር ዕቃ ያጥብበት የነበረው ገንዳ አለ። ሁለት ክረምት ደጅ ስለከረመ ሆዱ ዝጓል። በአሸዋ አሸችው፤ ውኃው እስኪጠራ አለቀለቀችው። ከዚያ ሻዩን ገልብጣ ነጠላውን ዘርግታ ነከረችበት።

ሪሐና አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ እስኪበርድ ይበቃዋል ብላት ነበር። ፋናዬ ያን ያህል ቆይታ አነሣችው። ፈካ ያለ፣ የማር እንጀራ የመሰለ ቀለም ይዟል። ልትጨምቀው ብላ እጇን ያዝ አደረገች። እትዬ እመቤት ይኼን ቢያዩ ተሳለቅሽብን አይሉም? ትንሽ ይጠንክር ብላ መለሰችው። ላሟን ስታስገባ፣ እራቷን ስትሠራ መሸ። ጧት አወጣዋለሁ ብላ ተኛች።

ጧት ያወጣችው ጥቁር ነበር።

በባልዲ ውኃ አለቀለቀችው። ደገመችው። በሦስተኛው ውኃው ጠራ፤ ነጠላው ግን ያው ነው፤ ዝናብ ያዘለ ደመና ይመስላል። ቀለም ያልነካው ጥለቱ ብቻ ነው፤ ክሩ የፋብሪካ ስለሆነ አረንጓዴነቱ እንዳለ ቀርቷል። ነጠላውን ይዛ በባዶ እግሯ ሪሐና ዘንድ ሮጠች።

«በምን ነከርሽው?» አለች ሪሐና ጨርቁን በጣቷ እያሸች።

«በበርሜል።»

«ብረት! እናቴ ሻይ ውስጥ ምስማር ጥላ ነበር ፀጉሯን የምታጠቁረው። ኸላስ፣ ብረት ሻይን ያጠቁራል። ምልክት ምናምን ብለሽ ደግሞ እንዳታስቢ።»

«ይለቃል?»

ሪሐና ብርጭቆዋን ማጠብ ጀመረች። «ሻይ ይለቃል» አለች። ስለ ብረቱ አልተናገረችም።

እትዬ እመቤት ቅዳሜ ቀትር ላይ ሲመለሱ ነጠላው አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ገና ከበሩ ሲያዩት ዘንቢላቸው ከእጃቸው ወደቀ። ፋናዬን አንገቷን አቅፈው፣ «ጨክነሽ ነከርሽው፣ እህቴ» እያሉ አለቀሱ። እስከዚያ ቀን እህቴ ብለዋት አያውቁም።

«በርሜሉ ነው እኮ እትዬ። ዝጎ ነው።»

«እሺ፣ እሺ» አሉ። አልሰሟትም።

እሑድ ድንኳን ተጣለ። ከሽንፋም ከመተማም ሰው መጣ። ሐዘንተኛ ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የምትለብሰው፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይሆናል። ሴቶቹ ሁሉ እንዲያ ለብሰዋል። ፋናዬ ግን ጥቁሩን ነጠላ ለብሳ ጥለቱን እንደ ደኅና ቀን ወደ ታች ለቀቀችው። አልቃሿ ትራክተር ነጂው እያለች ስትጣራ እትዬ እመቤት ደረት መምታታቸውን አቋርጠው መጡና የጥለቱን ጫፍ ያዙ።

«ገልብጪው። ሰው እያየ ነው።»

«ይይ።»

«ፋናዬ።»

«ጥቁሩን ለእናትዎ ለበስኩልዎት። ይቺን ለእኔ ይተዉልኝ።»

እትዬ እመቤት ጥለቱን የነካውን አቧራ አራግፈው ለቀቁት፤ ወደ ለቅሶው ተመለሱ። ያን ዕለት ፋናዬም አለቀሰች። ለማን እንደምታለቅስ ግን ልቧ አልነገራትም። ለልጃቸው መለቀሱ የተነገራቸው አሮጊት ደግሞ ሞት ሲጠበቅባቸው ተነሥተው አጥሚት ጠጡ ተባለ።

እስከ አርባው ነጠላውን አላወለቀችውም። በአርባው ማግሥት፣ ቅዳሜ ነበር፣ እንደ ልማዷ ደወለች፤ ስልኩ አልጠራም። ስልኩን ኪሷ ከትታ ወንዝ ወረደች። ድንጋዩ ላይ ነጠላውን በሳሙና አሸችው፣ ጨመቀችው፣ ደግማ አሸችው። ሁለቴ ያለችውን ሪሐናን እያሰበች አራቴ አጠበችው። ከጨርቁ የሚወርደው ውኃ ግን በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ቀለም አልነበረውም።

እጇ ሲዝል ነጠላውን ቁጥቋጦ ላይ አሰጣችው፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ። አጠገቡ ተቀምጣ እስኪደርቅ ጠበቀች። ሌላ የምትለብሰው ነጠላ አልነበራትም።