ጨረታውን ያሸነፈችው ዘነበች

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር የልብስ ስፌት ቤት ነበረኝ። ማዘጋጃ ቤቱ የጽዳት ሠራተኞቹን ደንብ ልብስ ለማሰፋት ጨረታ አወጣ፤ የሚወዳደሩትም ሴቶችና ስደተኞች ብቻ ናቸው ተባለ። ናሙና ሰፍቼ ገባሁና ተሸነፍኩ።

«ማን ወሰደው?» ብዬ ጸሐፊውን ያዝኩት።

«ያገርሽ ልጅ ናት፤ ዘነበች ትባላለች። ሂጂና መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ በያት» ብሎ አድራሻዋን ሰጠኝ።

ካርቱም ውስጥ የማላውቃት ልብስ ሰፊ ሐበሻ የለችም። ዘነበች የምትባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ደሜ ፈልቶ ረክሻ በሚሏት ባጃጅ ሪያድ ሰፈር ደረስኩ። አድራሻው የአንድ ሀብታም ነጋዴ ቪላ ነው። በሩን ስደበድብ አንዲት የቤት ሠራተኛ እጇ አረፋ እንደሆነ ከፈተችልኝ።

«ዘነበችን ጥሪልኝ!» ብዬ ጮህኩባት።

«እኔ ነኝ፤ ምን አጠፋሁ?»

«ባለ ድርጅቷን ነው የምልሽ! ጨረታ ያሸነፈችውን!»

«የምን ድርጅት? እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሌላ ዘነበች እዚህ የለችም።»

«እስቲ አስቢ፤ ወረቀት ላይ ፈርመሽ ታውቂያለሽ?»

የእጇን አረፋ በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ፊቷ በደስታ በራ።

«አዎ! ባለፈው ወር ጌታዬ ለመኖሪያ ፈቃድ ነው ብለው ብዙ ወረቀት አስፈርመውኛል። ለካ ከቢሮ ነሽ! ኢቃማዬን አመጣሽልኝ?»