አጥር የተሻገሩ ቃላት

በደርግ ጊዜ ከሊማሊሞ ወዲያ ውጊያ ነበርና ደባርቅ ውስጥ ሰው ሰላምታውን እንኳ መዝኖ ነበር የሚሰጠው። ያደግሁት በዚያ ዘመን ነው። ዛሬም ከኋላዬ ኮቴ ከሰማሁ ሳልዞር አላልፍም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ማትሪክ ስለ ደረሰ፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣው የእንግሊዝኛ መምህራችን መዝገበ ቃላቱን አዋሰኝ። ይህ ሰው ከአጥራችን ወዲያ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ካኪ ይለብሳል፣ ብዙ አይናገርም፣ እሑድ እሑድ ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር ዳማ ይጫወታል። እናቴ መጽሐፉን እንዳየች፣ «ምን ፈልጎ ነው?» ብላ ገጽ በገጽ እየገለጠች ፈተሸችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን ፈተሸችው።

አባቴ የመጻሕፍት መምህር ነበሩ፤ ከተማው በሙሉ «የኔታ» ይላቸዋል። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ቃል እንዴት እንደሚጠና ግን ማንም አይነግራቸውም። ጠዋት ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ያስቀምጡኝና እንደ ግዕዝ ንባብ ጮክ ብዬ እንድል ያደርጉኛል። «ሰርፕቲሸስ» ስል፣ «መጨረሻው ላይ አትጩኺ፤ ከመጨረሻው በፊት ያለውን አንሺው፤ ተነሽ የሚባለው ንባብ ነው» ይላሉ። ፍቺውን በአማርኛ ስነግራቸው ደግሞ እንደ ቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ «አንድም» እያሉ ያበዙታል። «አንድም በስውር የተደረገ፣ አንድም ሹም ሳያውቀው የተፈጸመ!» «ኢንሰርጀንት» ላይ ስንደርስ ሞቅ አላቸው። «አንድም በመንግሥት ላይ የተነሣ፣ አንድም ጫካ የገባ!» ሳቅሁ። ከአጥሩ ወዲያ ሰው ሲያስል ሰማሁና ሳቄ ቆመ።

በማግሥቱ አብዮት ጥበቃዎች መጥተው አባቴን ወሰዷቸው። እኔና እናቴ እየሮጥን እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተከተልናቸው። ሊቀ መንበሩ ፊደል የቆጠረው ከአባቴ እግር ሥር ነው፤ ሌላ ቀን ጉልበታቸውን ስሞ ነበር የሚያልፈው። ያን ዕለት «አንተ» አላቸው።

«ማንን ነው የምታስተምረው? ግቢህ ውስጥ የሚጮኸው ቃል የወንበዴዎች የምስጢር ምልክት ነው!»

«የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ልጄ ለፈተና የምታጠናው ነው» አሉ አባቴ።

«እንግሊዝኛማ እኔም እሰማለሁ። ይህን ግን ሰምቼው አላውቅም።»

ጣጣው ይኸው ነበር። «ቡክ»፣ «ቴብል» ብንል ኖሮ ከተማው ሁሉ ይመሰክርልን ነበር። ብዙ ሰው የማያውቀውን ቃል፣ በዚያ ላይ ፍቺው ጫካ መግባት የሆነውን፣ ማን ደፍሮ አውቀዋለሁ ይላል? ከዚያ ቤት በመኪና የተጫነ ሰው ደግሞ ሲመለስ አይተን አናውቅም።

መምህሩን አስጠሩት። ሲገባ እናቴ ክንዴን ጨመቀችው። ያሳበቀው እሱ ለመሆኑ ሁለታችንም አልተጠራጠርንም።

«ጓድ መምህር» አለ ሊቀ መንበሩ፣ «ሰርፕ... ሰርፕቲ... የሚባል እንግሊዝኛ አለ?»

መምህሩ አባቴን አየ፤ እኔን አየ።

«አለ። ኢንሰርጀንትም አለ። መጽሐፉን የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

«ኃላፊነቱን ትወስዳለህ?»

«እወስዳለሁ።»

አባቴ ተለቀቁ። ወደ ቤት ስንመለስ መምህሩ ከኋላችን ራቅ ብሎ ይመጣ ነበር። አባቴ ሊያመሰግኑት ዞር ሲሉ እናቴ ጋቢያቸውን ሳበችው። «ዝም ይበሉ! ምን አስቦ እንዳደረገው በምን ይታወቃል?» አለቻቸው። እሳቸውም ፊታቸውን መለሱ፤ መንገዳችንን ቀጠልን።

ሰኞ መምህራችን ክፍል አልገባም። ማክሰኞም አልገባም። አከራይዋ «በመኪና ወሰዱት» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም። በእኛ ሰበብ ይሁን በሌላ የሚነግረን አልተገኘም። እኔ ግን በእኛ ነው እላለሁ።

አባቴ በቅዳሴ ሊያሳስቡት ፈለጉ። በጸሎት ሰው የሚጠራው ደግሞ በክርስትና ስሙ ነው። አከራይዋን ጠየቁ፤ ተማሪዎቹን ጠየቁ፤ መጨረሻ ላይ ሊቀ መንበሩን ሳይቀር ጠየቁ። ያን ያህል ጊዜ አብሮን ሲኖር የክርስትና ስሙን የጠየቀው ሰው አልነበረም።