ለዓይናለሟ ልጅ የሰጠኋት ፍቺ

ትናንት የእህቴ ልጅ የክፍላቸውን የሰሌዳ ጨርቅ ልታጥብ ይዛው መጣች። ተራዋ ደርሶ ነው አለች። ውሃ ውስጥ ስትነክረው ያ የጠመኔና የሻገተ እርጥበት ሽታ ቤቱን ሞላው። አፍንጫዬን ይዤ ወደ በረንዳ ሮጥኩ። ልጅቷ ሳቀችብኝ፤ ያስጠላኝ ሽታው ብቻ መስሏታል።

መቀሌ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን አንድ ለአምስት የሚባል ነገር ነበረ። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ደከም ያሉትን ያስጠናል፣ ዓርብ ዓርብ «አስጠንቻለሁ» ብሎ ፎርም ላይ ይፈርማል። እኔ መሪ ነበርኩ። አባቴ ከጎንደር ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ያስነብበኝ ስለነበር ከሌሎቹ ትንሽ እሻል ነበር። ጉራዬ ግን፣ ወይ ጉድ! የእንግሊዝኛ መምህራችን የእንግሊዝኛ ፈሊጣዊ አነጋገሮችን ሰሌዳ ላይ ይጽፍና ፍቺያቸውን በፎቶ ኮፒ ለመሪዎች ብቻ ይሰጠናል። ያቺን ወረቀት ደብተሬ ውስጥ ሸሽጌ፣ የመጋዘን ቁልፍ እንደያዘ ዘበኛ እንቀባረርባት ነበር።

ከአምስቱ አንዷ ከከተማው ዳር፣ ዓይናለም ከሚባለው ሰፈር በእግሯ የምትመጣ ልጅ ነበረች። ከትምህርት በኋላ ስንቀር ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ የምታጸዳልን እሷ ናት። «ሓፍተይ፣ ይቺስ ምን ማለት ናት?» ትለኛለች፤ እህቴ ማለቷ ነው። ስነግራት ዓይኗን ጨፍና ሦስት ጊዜ ታነበንበዋለች፤ ከዚያ በቃ፣ ያዘችው ማለት ነው። «ፒስ ኦፍ ኬክ» በጣም ቀላል ማለት ነው ያልኳት ቀን፣ «ታድያ ለምን ቀላል ነው አይሉም?» ብላ በሳቅ ፍርስ አለች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። እወዳት ነበር፤ ይኼን አልክድም።

የወላጆች በዓል ሲቃረብ መምህሩ ለፈሊጦቹ ጥያቄና መልስ ከየቡድኑ አንድ አንድ ተወዳዳሪ መረጠ። ከእኛ ቡድን እሷን ጠራ። «መሪዋን በልጣታለች» አለ፣ ያውም በክፍሉ ሁሉ ፊት። እርር ድብን አልኩ። ያን ዕለት ከሰዓት «አንደር ዘ ዌዘር» ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወረቀቱ ላይ «ታሟል፣ ደህና አይደለም» ይላል።

«ቤት አጥቶ ውጭ የሚያድር ሰው ነው» አልኳት። እንዴት ቀለለኝ! እሷም ዓይኗን ጨፍና ሦስት ጊዜ አለችው።

በበዓሉ ቀን እናቷ መጡ። ትምህርት ቤታችንን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነበር፤ የታጠበ ነጠላ ለብሰው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። መምህሩ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ «ርዕሰ መምህራችን ከትናንት ጀምሮ አንደር ዘ ዌዘር ናቸው። ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት። ሰውየው መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው እዚያው ተቀምጠዋል። እሷ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ፣ «ቤት አጥተው ውጭ ነው የሚያድሩት» አለች።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እናቷም ሳቁ። ልጃቸው ሰዉን ያስደሰተች መስሏቸው አጨበጨቡ፤ ሌላው ሳቁን ሲጨርስ እሳቸው ገና ያጨበጭቡ ነበር። እስከ ዛሬ ያቺ ጭብጨባ ከጆሮዬ አልወጣችም። እንዴት ያለሁ ቆሻሻ ነበርኩ! ለአንዲት ብጣሽ ወረቀት፣ ቱ!

መምህሩ መልሱን አርሞ ሌላ ተማሪ ጠራ። ተነሥቼ እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ አልተነሣሁም። ሰው ሲበተን ከክፍሉ ጀርባ ፈልጋ አገኘችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፣ የዩኒፎርሟን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች።

«ሓፍተይ» አለችኝ፣ «አንቺማ በደንብ አስጠንተሽኝ ነበር። እኔ ነኝ ያምታታሁት። አሳፈርኩሽ፤ ይቅር በይኝ።»

«ኣጆኺ፣ አይዞሽ» አልኳት ትከሻዋን እየደባበስኩ። «ይቅር ብዬሻለሁ።»