ጭቃ ከመመረጉ በፊት

መቼ እንደነበር በውል አላስታውስም፤ ብቻ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ባለፈው ወር ያረፉት አጎቴ አናጺ ነበሩ፤ እኔም ሥራውን የለመድኩት ከእሳቸው ነው። ውቤ በረሃ ለአንዲት ጎረቤታችን የእንጨት ቤት አቁመናል። ጭቃው ተቦክቷል፤ ሰማዩ ጠቁሯል። አጎቴ ግን እንደ ልማዳቸው ጭቃውን አላስነኩም። ትከሻቸውን ከማዕዘኑ ቋሚ አስጠግተው፣ «ና እንጂ፣ ግፋ!» አሉኝ።

ሴትዮዋ ሳቀች። «ጋሼ ደግሞ! ቤት እንደ ታክሲ ተገፍቶ ይነሳል እንዴ?»

«እመቤቴ፣ ጣራውንማ እንጨቱ ይሸከመዋል። ነፋስ ግን ከጎን ነው የሚመጣብሽ» አሏት።

ገፋን፤ ቤቱ ዘመም አለ። ሴትዮዋ ሳቋን ዋጠችው። በየማዕዘኑ ከላይ እስከ ታች ሰያፍ እንጨት መታንበትና እንደገና ገፋን። አልነቃነቅም አለ። ጭቃ የተፈቀደው ያኔ ነው።

ሰሞኑን የአጎቴ ቤት የጓሮ ግድግዳ ወድቆ፣ ለባለቤታቸው እንደ አዲስ ላቆምላቸው ጀመርኩ። ቋሚውንና ማገሩን ጨርሼ ትከሻዬን አስጠጋሁና «ግፋ» የሚለኝን ድምፅ ጠበቅሁ። የሚለኝ የለም። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደመናው እየከበደ ነው፤ አሮጊቷ በተከፈተ ቤት ሊያድሩ ነው፤ እኔ ግን መነሳት አቃተኝ።

አንድ ጎረቤት አይቶኝ መጣ። አጠገቤ ተቀመጠና እስኪወጣልኝ ጠበቀኝ። ከዚያ መዶሻውን አስያዘኝ፤ እሱ ሰያፉን እንጨት ደግፎልኝ መታሁና ጭቃውንም ሳይመሽ መርገን ጨረስን። እግዜር ይስጠው፣ ስሙ ከድር ነው።