የአበልጄ ትከሻ

አርብ ገበያ ምስር ስሸምት ወታደሮች ያዙኝ። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው የገብስ አቧራ ይሸታል፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ስንጥቅ ብቻ ነው።

የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ የሚያሳድዱትን፣ ጉልበቱ የቆሰለውን ሰው ቤቴ ድረስ ማን አመጣው? ማከሜን አልካድኩም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሆስፒታል ውስጥ የታሰረ መገጣጠሚያ በማፍታታት ነው። ያመጣውን ግን አልተናገርኩም።

ከቀናት በኋላ አበልጄን አመጧት። ልጇን ክርስትና ያነሳሁላት ሴት ናት። ቀኝ ክንዷን በግራዋ አቅፋለች።

«ደበደቡኝ አበልጄ። ትከሻዬን አወለቁት። በአንቺ ጦስ ነው» ብላ አለቀሰች።

አብሬያት አለቀስኩ። የነበረኝን ዳቦ ሰጠኋት። በልታ ስትጨርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ያን ሰውዬ ማን ነበር ያመጣልሽ?» አለች።

«በእግሩ መጣ።»

«በዚያ ጉልበት?»

«እግዜር ሲረዳ ምን ይሳነዋል? ይልቅ ክንድሽን አምጪው።»

ይዤ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ገና ከመጀመሬ ጮኸች። እጄ ግን ምንም አላገኘም። መገጣጠሚያ ሁሉ የሚቆምበት አለው። ክርን ሲዘረጋ አጥንት ከአጥንት ይገጥማል፤ ሲታጠፍ ሥጋ ሥጋን ይገፋል። ጤነኛ ትከሻ ጫፉ ላይ እንደ ተወጠረ ጠፍር ትንሽ ይለጠጣል። የተጎዳ ከሆነ በሽተኛው ከመጮሁ በፊት ጡንቻው ይደነድናል። የእሷ አልደነደነም። የጮኸው አፏ ብቻ ነው።

«የክርስትና ልጄስ እንዴት ናት?» አልኳት።

«እሷማ! በቁመት በለጠችኝ እኮ። ጫማዬን ሁሉ ጨረሰችው» እያለች ሳቀች። እሷ ስትስቅ ክንዷ በእጄ ላይ ወጣ፣ ጆሮዋን አለፈ፣ ጠፍሩ ጋ ደርሶ ቆመ። አላወቀችም።

አወረድኩት። ነጠላዬን አውልቄ፣ ክንዷን አጥፌ፣ አንገቷ ላይ አጥብቄ አሰርኩላት። ለእውነተኛ በሽተኛ እንኳ እንዲያ አሳምሬ አላሰርኩም።

«ክፉኛ ተጎድተሻል። እንዳታንቀሳቅሺው።»

«ይድናል?»

«በአንቺ እጅ ነው።»

ሰውዬውን ማን እንዳመጣልኝ ደጋግማ ጠየቀችኝ። እኔ የማወራላት ስለ ልጇ ብቻ ሆነ። በማግስቱ አስጠሯት፤ ክንዷ እንደታሰረ ወጣች። ነጠላዬም አብሯት ሄደ። እኔንም ውለው አድረው ፈቱኝ።

በሽተኛውን ያመጣው ሰው ዛሬም መሬቱን ያርሳል። እሷም ገበያ ላይ ስታየኝ በሩቁ ቀኝ እጇን ከራሷ በላይ አንስታ ትጠራኛለች። ቆሜ ሰላም እላታለሁ። ስለ ነጠላው ግን አንድም ቀን አንስታ አታውቅም።