የወለወልኩት ሳተላይት

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ዐረብ አገር፣ ጀማይዜ ሰፈር በምሠራበት ምግብ ቤት፣ የምሳው ግርግር አልፎ ብርጭቆ እየወለወልኩ ሳለ ቴሌቪዥኑ ሁለት የጠፈር መንኮራኩሮች ያሳይ ጀመር። አንዷ ያለ ሰው እጅ፣ በራሷ ዓይን እያየች ሌላዋን ልትይዝ ትጠጋለች። ጥቂት ሲቀራት ቀጥ ብላ ቆመች። አስተናጋጁ «ኸላስ፣ ተበላሸች» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ጨርቁን እንደያዝኩ ቀረሁ። ለምን እንደቆመች አውቃለሁ። ከሃያ ዓመት በፊት ፋናር በሚባል ዳገታማ ሰፈር ተምሬዋለሁ፤ እንዲያውም ከተማርኩት ያስተማርኩት ይበልጣል ብል ዋሸሽ የሚለኝ የለም።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን መጥቼ የገባሁበት ቤት ዳገቱ ላይ ነው፤ ከበረንዳው ባሕሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማዳሜ ባሏ የሞተባት፣ ከጽዳት በቀር ምንም የማያስደስታት ሴት ነበረች። ጣቷን በመደርደሪያው ላይ አስኬዳ አቧራ ካገኘች «ወደ መክተብ እመልስሻለሁ» ትላለች። መክተብ ያስመጣን ኤጀንሲ ነው፤ ወደዚያ የተመለሰች ልጅ ቀጥሎ የማን ቤት እንደሚደርሳት አታውቅም። ስለዚህ እወለውላለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ከስሜ ጋር የምሰማው የማጣደፊያ ቃል አንድ ነው። ያላ ሙሉ፣ ያላ ወለሉን፣ ያላ ቶሎ።

ያንን ቤት ቤት ያደረገልኝ ሴት ልጇ ሪም ናት። በዕድሜ እኩያዬ፣ የመጨረሻ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ። ፀደይ ሲገባ ኩሽና ቁጭ ብለን ያልበሰለ አረንጓዴ ፕሪም በጨው እንበላ ነበር፤ ጥርስ ያጠርሳል፣ ግን አንዴ ከጀመሩት አይተውም። የመመረቂያ ሥራዋን በረንዳው አጠገብ ባለው ረጅም የምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታዋለች። በአንዱ ጫፍ ከአሉሚኒየም የሠራችው፣ የዳቦ ሣጥን የሚያህል ሳተላይት በቀስታ ይሽከረከራል። ከሌላው ጫፍ ካሜራና መንጠቆ ያለው ትንሽ ጋሪ በራሱ ተጠግቶ ሊይዘው ይነሳል።

«እዚያ ጠፈር ላይ ሁለቱም እየሮጡ ናቸው» ትለኝ ነበር። «ከመሬት ትእዛዝ እስኪደርስ ይዘገያል። ስለዚህ ራሱ አይቶ ራሱ መወሰን አለበት። ቢፈጥን ይገጨዋል፣ ቢስት ያልፈዋል።»

እኔ የማስበው የአባቴን ተረት ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። የሪም ሙያ ደግሞ ለካ ሲሮጡ መታጠቅ ኖሯል!

የፈተናዋ ዋዜማ ጠዋት ሪም ጽሑፏን ልታሳትም ወጣች። ጠረጴዛውን ላጸዳ ጠጋ ስል ሳተላይቱን አየሁት። በጣት አሻራና በሙጫ ተጨማልቋል። ነገ ትልልቅ ሰዎች ፊት ሊቀርብ! አዘንኩላት። በሎሚ አሸሁት፣ በለስላሳ ጨርቅ ወለወልኩት፣ ፊቴን እስካይበት ድረስ። በሥራዬ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከሰዓት በኋላ ሪም ተመልሳ ልምምድ ጀመረች። ጋሪው ግማሽ መንገድ በደህና ሄደና ድንገት ተጣሞ ሳተላይቱን አለፈው፤ ከጠረጴዛው ጫፍ በእጇ ቀለበችው። ደገመች። ያው ነው። ሠለሰች። ኮምፒውተሯ ላይ አጎንብሳ ስህተቱን ስትፈልግ ሁለት ሰዓት አለፈ። «ትናንት እኮ ይይዘው ነበር! ያኒ፣ ማለቴ፣ ምንም አልነካሁም» ብላ አለቀሰች።

እኔ የሎሚ ጭማቂ በትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። እሷ አልነካችም፤ የነካሁት እኔ ነኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ብናገር ደግሞ ማዳሜ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እየሰማች ነው። ግን ልጅቷ ፊቴ እያለቀሰች እንዴት ዝም ልበል?

«ሪም፣ ሳተላይቱን ወልውዬዋለሁ» አልኳት።

ማዳሜ ብድግ አለች። «ማን ንኪ አለሽ? ነገ ጠዋት ወደ መክተብ!»

«አሁኑኑ እመልሰዋለሁ፣ በሻማ ጥላሸት እቀባዋለሁ» አልኩ። እኛ ዘንድ ጥላሸት መቀባት የሰው ስም ማጥፋት ነው፤ እኔ የገዛ ሥራዬን ልቀባ ለመንኩ።

ሪም ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከካሜራው እኩል አደረገች። የከሰዓቱ ፀሐይ ከባሕሩ በኩል ገብቶ ሳተላይቱ ላይ ያርፋል፤ ሲሽከረከር ብልጭ ይልና ዓይን ይወጋል። እጇን ፊቷ ላይ ጋርዳ፣ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

«እንዳትነኪው ሙሉ! እዚያ ላይ ያሉት እንዲህ ነው የሚያብለጨልጩት። ማን ወጥቶ ጥላሸት ይቀባልኛል? እኔ ጋሪዬን ያስለመድኩት ቆሻሻ ሳተላይት ነው። ብርሃን ሲያውረው እንኳ ዝም ብሎ ይሄዳል።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዤ ከበረንዳው ፀሐይ ወደ ኩሽና ስገባ ይጨልምብኛል» አልኳት። «ያኔ ለራሴ 'ቆይ' እላለሁ። ዓይኔ እስኪመለስ አልራመድም።»

«ቆይ ምንድን ነው?»

በዐረብኛ ነገርኳት። እንደገና ኮምፒውተሯ ላይ ተደፋች። ፀሐይዋ ባሕሩ ላይ ከማረፏ በፊት ጋሪውን ለቀቀችው። ሄደ፣ ብልጭታው መታው፣ ቆመ። ስክሪኑ ላይ በላቲን ፊደል «ቆይ» የሚል ቃል መጣ። ሳተላይቱ ዞር ሲል፣ ብልጭታው ሲያልፍ፣ ጋሪው ቀስ ብሎ ሄዶ መንጠቆውን ቀጭ አድርጎ ያዘው።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሪም ክናፌ የሚባለውን ጣፋጭ ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። ፈተናውን አልፋለች። መምህራኑ መብራት ቢያበሩበትም ጋሪው ቆሞ ጠብቆ ያዘ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቃል ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋት «የሙሉ ቃል ነው» አለቻቸው። ማዳሜ ክናፌውን ቆርሳ ሳህን ላይ አደረገች፣ ወንበር ሳበች፣ ዓይኔን ሳታይ «ያላ ሙሉ፣ ተቀመጪ፣ ብዪ» አለችኝ። የመክተብ ነገር ከዚያ ወዲያ ተነስቶ አያውቅም።

ሪም ዛሬ ውጭ አገር በዚያው ሙያ ትሠራለች። በየበዓሉ ትደውልልኛለች፤ ለፋሲካዬ እንኳ፣ ቀኑ ከራሷ ፋሲካ ሲለይ፣ ለብቻው። ሲሮጡ የታጠቅነው እስካሁን አልተፈታም፤ አባቴ ይቅር ይበለኝ። ቃሌ ወደ ጠፈር ወጥታ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ወጥታለች ብዬ ማሰቡ ደስ ይለኛል።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ የቆመችው መንኮራኩር ትንሽ ቆይታ ተንቀሳቀሰች። ልትይዝ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷታል። በዚህ መሀል የምግብ ቤቱ ባለቤት ከጀርባዬ «ያላ ሙሉ፣ ብርጭቆው!» አለኝ።

«ቆይ» አልኩት፣ በአማርኛ፣ ዓይኔን ሳልነቅል።

ቆየ።