መጋረጃው ክፍት ይሁን

የመጀመሪያ ቀኔ ላይ ሥራውን ያሳዩኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። ሕሙማንንና አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚንከባከበው የሆም ኬር ድርጅታችን አስተባባሪ ነበሩ፤ ሺፍት፣ የሥራ ተራ ማለት ነው፣ የሚያድሉን እሳቸው ናቸው። ያኔ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ የነዳጅ ሥራ የፈላበት ዘመን ነበር። ሠራተኛ ጠፍቶ ቡና ቤቶች እንኳ በጊዜ ይዘጉ ነበር። እንዲያ ባይሆን ኮምቦልቻ ላይ ስድስተኛ ክፍል ያቆመችን ልጅ ማን ይቀጥር ነበር?

ማርልቦሮ የሚባል ሰፈር አንድ ሽማግሌ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ጓንት፣ ሳፋ፣ ሁለት ትንንሽ ፎጣና አንድ ትልቅ። ውሃው በክርን ይለካል። እጥበት ከፊት ተጀምሮ እግር ላይ ያልቃል። ከሁሉ በፊት ግን በር ይዘጋል፣ መጋረጃ ይዘጋል። "የሰው ገላ ክብር አለው፤ ይህችን ከረሳሽ ሌላውን ባታውቂው ይሻላል" አሉኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ። "እሺ በይ እንጂ ዘሀራ፤ ማይክሮዌቩ እንኳ ሲጨርስ ይናገራል" ብለው ሳቁ።

በሦስተኛው ወር ቤልትላይን ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሚስስ ማርጋሬት ዘንድ ተመደብኩ። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። ሰባ ያለፋቸው ባልቴት ናቸው፤ ግራ ጎናቸውን ስትሮክ አድክሞታል። ኩሽና ያለው ፋይል ላይ "እጥበት እምቢ ይላሉ" ተብሎ ተጽፏል። ከእኔ በፊት ሁለት ሠራተኞች አልሆነላቸውም። እኔም ካልሆነልኝ ልጃቸው ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሊያስገባቸው ቆርጧል። እሳቸው ደግሞ ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው ይላሉ።

በደንብ ተቀበሉኝ። የሻሼን ቀለም ወደዱት። ውሃ ሞላሁ፣ ፎጣ አሞቅሁ፣ ከዚያ ሦስቱን መጋረጃዎች ዘጋሁ። እኔ ባደግሁበት ቤት ሴት ስትታጠብ ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ይወተፋል። ስለዚህ የመጋረጃዎቹን ጠርዝ ሳይቀር በልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት። ዞር ስል ማርጋሬት ግንባራቸውን ጉልበታቸው ላይ ደፍተዋል። ደህናው እጃቸው አናታቸው ላይ ነው። ብጠራቸው አይሰሙም። ፎጣው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ። ሴትየዋ በወጣትነታቸው የፍልስጤም ታጣቂዎች በጠለፉት አውሮፕላን ውስጥ እንደነበሩ ልጃቸው አንድ ጊዜ ማንሳቱን ነገሩኝ። "ሻሽሽ ይሆናል እናቴ። አይክፋሽ፤ ከሰኞ ሌላ ሰው እልካለሁ።" እኔም አመንኩ።

በማግስቱ ለመሰናበት ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለማመድ ነበር።

"ከሰኞ ጀምሮ ሻሽ የማታደርግ ሴት ትመጣልዎታለች" አልኳቸው።

"ስለ ሻሽሽ ማን አወራ?" አሉ ተቆጥተው።

ተቀመጪ አሉኝና ነገሩኝ። ታጣቂዎቹ መጀመሪያ ያዘዙት የመስኮቱ መሸፈኛ ሁሉ እንዲወርድ፣ እጅ ሁሉ አናት ላይ እንዲሆን ነው። ሦስት ቀን ቀንና ሌሊቱን ሳይለዩ ቆዩ። በነዚያ ዓመታት እንዲህ ያለው ብዙ ነበር አሉ። አውሮፕላን ይጠለፋል፣ ኤርፖርት ላይ ይተኮሳል፣ ኤምባሲ ይያዛል፤ ያውም ጠቡ በማይመለከተው አገር። አገራችን መወሰዱን ዓለም ይስማልን ነበር የሚሉት።

"ዓለም ሰምቷቸው ይሆናል። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ግን ለልጁ ሠርግ ነበር የሚሄደው። አልደረሰም።"

ከታጣቂዎቹ አንዷ እንደ እኔ ያለች ወጣት ነበረች አሉ። የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው የተወለድኩት ብላቸዋለች። እጇ በቦምብ ተይዞ ስለነበር የተፈታ የጫማዋን ክር እንዲያስሩላት ጠየቀቻቸው።

"አሰርኩላት። በፍርሃት ይሁን በምን፣ እስከ ዛሬ አላውቀውም።"

ተነስቼ መጋረጃዎቹን እስከ ጥግ ከፈትኳቸው። በሩንም ከፈትኩ። ከዚያ ነጠላዬን ከአንገታቸው እስከ እግራቸው አለበስኳቸውና ከሥሩ እጄን እያስገባሁ አጠብኳቸው። አክስቴ የታመመ ሰው የምታጥበው እንደዚያ ነው። የማደርገውን ሁሉ አስቀድሜ ተናገርኩ፤ አሁን ክንድዎን፣ አሁን ጀርባዎን፣ አሁን ፎጣ ላመጣ ነው። በሕይወቴ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም።

"የሆኪ ጨዋታ በሬዲዮ የምታስተላልፊ ነው የምትመስዪው" አሉኝ። እንባቸው እየወረደ ነበር።

ፋይሉ ላይ ምክንያቱን ልጻፍ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "መጋረጃውን ብቻ ጻፊ" አሉኝ። እንደዚያው ጻፍኩ። እትዬ ዘነበች ሲያነቡት ደውለው፣ የደንባችንን የመጀመሪያ መስመር ሰረዝሽው ማለት ነው አሉ። ከሰኞም ሌላ ሰው አልላኩም።

ማርጋሬት እዚያው ቤታቸው አራት ዓመት ኖሩ፤ እዚያው አልጋቸው ላይ አረፉ። የመጨረሻውን እጥበትም ያጠብኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው እምቢ ሲለኝ፣ መጀመሪያ የማየው እኔ ምን እንዳደረግሁ ነው።